መስኮት ያለው ሸራ

ጋሽ ደበላ መሞታቸውን የነገረኝ ሁሴን ሸራ ሰፊው ነው። ጌጃ ሰፈር ወዳለችው ሱቁ የሄድኩት ለበረንዳዬ የፀሐይ መከለያ ላሰፋ ነበር። ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ መቀሱን አስቀመጠና፣ "አንተም ቀረህ አይደል?" አለኝ።

"ከምኑ?"

"ከጋሽ ደበላ ቀብር። ዛሬ አሥራ አንድ ቀናቸው።"

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እዚሁ ከተማ ውስጥ ስበላ፣ ስተኛ፣ በኑሮ ውድነት ሳማርር ከርሜአለሁ። ሰው አልነገረኝም ብዬ ልቆጣ ቃጣኝ። ግን ማን ይንገረኝ? ስንት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም። መከለያውን ትቼ ወጣሁና የሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

በደርግ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት ልደታ አካባቢ በሚገኝ አንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ እኔ የዕቃ ግዢ ሠራተኛ፣ ጋሽ ደበላ ደግሞ የፒካፕ ሹፌር ነበርን። ሥራችን ለትምህርት ቤቶች ደብተር፣ ወረቀትና ጠመኔ ማድረስ ነው። ከአምቦ በኩል የመጡ ረጅም ሰው ነበሩ። ጭንቅላታቸው የጋቢናውን ጣሪያ እንዳይመታ ጎንበስ ብለው ስለሚነዱ፣ ከመኪና ወርደውም ጎንበስ እንዳሉ ይቀሩ ነበር። ሚስታቸው የሞተችው አንድ ልጃቸው ጌቱ ገና ዳዴ ሲል ነው። ሌላ አላገቡም። ልጁን ራሳቸው አጥበው፣ ራሳቸው አብስለው አሳደጉት። እኔ መሥሪያ ቤቱ ስገባ ጌቱ ቤት አልነበረም፤ ከጥቂት ወራት በፊት በአፈሳ ተይዞ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። ያን ጊዜ ይህ ብርቅ ወሬ አልነበረም። ጎረምሳ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ይቀራል፣ ጎረቤት "ታፈሰ" ይባባላል፣ እናት ታለቅሳለች፣ በማግስቱም ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል። ጋሽ ደበላም በማግስቱ ሥራ ገቡ አሉ።

ሁለት አመል ነበራቸው። የመጀመሪያው፣ ክላክስ አይነፉም። በሬ ቢቆምባቸው ይጠብቃሉ። አህያ መንገድ ቢዘጋ ወርደው በእጃቸው ገፋ ገፋ አድርገው ያሳልፋሉ። አንድ ቀን ሰንጋ ተራ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ሹፌሩ የለበትም። ከኋላችን ያለው መኪና ሁሉ ያንባርቃል፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

"ጋሽ ደበላ፣ ኧረ አንዴ እንኳ ይንፉበት!"

"የቆመ መኪና ምክንያት አለው" አሉኝ።

"ምን ምክንያት?"

"እሱን ወርዶ መጠየቅ ነው።"

ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። የጭነት መኪናውን ዞሩት፤ የኋላ ሸራውን ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ አዩ፤ ከዚያ ሹፌሩን ፍለጋ ሄዱ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሱና፣ "ሥጋ ቤት ነው፤ እየበላ ነው" አሉኝ። እኔ ሳቄ መጣ። "ይኸው ምክንያቱ!" ስላቸው ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ "ታዲያ ረሃብ ምክንያት አይደለም?" አሉኝ።

ሁለተኛው አመላቸው የባሰ ነበር። ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ወደ ኋላ ሄደው የካሶኒውን ጎን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉና፣ "ማን አለ?" ይላሉ። ካሶኒው ዕቃ የሚጫንበት የኋላው ክፍል ነው፤ እዚያ ያለው ደብተር ብቻ መሆኑን ራሳቸው ጭነው ያውቃሉ። የግቢው ሠራተኛ ሁሉ ይስቅባቸዋል። እኔም አንዳንዴ ከጋቢና ሆኜ፣ "ደብተር አለ!" ብዬ እመልስላቸው ነበር። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ገብተው ይነዳሉ።

ፒካፑ ያኔ ክፍት ነበር። አንድ ክረምት ዝናብ ብዙ ካርቶን ደብተር አበላሸብንና ለመኪናው መሸፈኛ ይሠራለት ተባለ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ያለ ኮሚቴ ጠመኔ እንኳ አይሰበርም። የአስተዳደር ኃላፊያችን ጓድ ንጉሤ ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ ሆንን። ጋሽ ደበላ "ጸሐፊው" እያሉ መጥራት የጀመሩኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ሦስት ምርጫ ቀረበ። ርካሹ የፕላስቲክ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ይቀደዳል። መካከለኛው የሸራ ነው። ጓድ ንጉሤ የወደዱት ሦስተኛውን ነበር፤ ዙሪያውን ላሜራ የሆነ፣ የብረት በር ያለው፣ በሩም በቁልፍ የሚዘጋ። "የሕዝብ ንብረት በቁልፍ ነው የሚጠበቀው" አሉ፤ እኔም ይህንኑ በቃለ ጉባኤው ላይ በትልቁ ጻፍኩ። ከዚያ ሹፌሩ አስተያየት ይስጡ ተብሎ ጋሽ ደበላ ተጠሩ።

ቆመው ሰሙና፣ "ቁልፍ ያለው ከሆነ መኪናውን ለሌላ ሹፌር ስጡት፤ እኔ ጥበቃም ሆኜ እሠራለሁ" አሉ።

ሰው ከሹፌርነት ወደ ጥበቃ ልውረድ ሲል ሰምተን አናውቅም። ጓድ ንጉሤ ፊታቸው ሲቀያየር ጋሽ ደበላ ቶሎ ብለው ሌላ ነገር አመጡ። "ደግሞስ ጓድ፣ ላሜራ ይከብዳል። ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ የሚሄድ መኪና ቤንዚን ይበላል። የተሰጠን ኩፖን ወሩን ያደርሰናል?" አሉ። ቤንዚን በኩፖን የሚገኝበት ጊዜ ነው። የኮሚቴው አባላት ተያዩ። ሸራው በሙሉ ድምፅ አለፈ። አዛውንቱ ብልጥ ናቸው ብዬ በልቤ ሳቅሁ፤ ብረት ምን እንዳደረጋቸው መጠየቅ ግን አልመጣልኝም።

ሁሴን ያኔ ከወሎ ከመጣ ብዙ ያልቆየ ጎበዝ ሰፊ ነበር። ልኩን ሲወስድ ጋሽ ደበላ አጠገቡ ቆመው እያንዳንዷን ነገር ያዝዙታል። የፊተኛው ግድግዳ ላይ፣ ከጋቢናው የኋላ መስታወት ትክክል፣ በሚያሳይ ፕላስቲክ መስኮት እንዲያወጣለት ነገሩት።

"ደብተሩ አገር ሊያይ ነው እንዴ ጋሼ?" አለ ሁሴን።

"የማየው እኔ ነኝ" አሉት። "ማሰሪያውንም ከውጪ ብቻ እንዳታደርገው። ውስጥ ያለ ሰውም እጁን ሰዶ የሚፈታው ይሁን።"

"ሰው ሊጭኑበት ነው?"

"ሰው የማይጫንበት መኪና አይተህ ታውቃለህ?"

ይህስ እውነት ነበር። ከዚያ ሸራ ሥር ያልሄደ የለም፤ የታመመ የያዘች እናት፣ ወደ ገጠር ቅርንጫፍ የሚሄድ መምህር፣ አንዴም ሙሽራ ከነሚዜዎቿ። ጋሽ ደበላ እየነዱ በየደቂቃው በመስታወቱ ወደ ኋላ ያያሉ። የተጫነው ደብተር ብቻ ሲሆንም ያያሉ።

ሸራውን እንደ ልጅ ያዙት ብል አላጋነንኩም። ቅዳሜ ከሰዓት ሌላው ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሳቸው አውርደው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ጥግ ጥጉን በሰም ያሹታል፣ የላላ ስፌት ካለ በጆንያ መርፌ ይይዙታል። "ሸራ እርጥቡን ከታጠፈ ይሸታል፤ ሰውም እንደዚሁ ነው" ይሉ ነበር። እኔ ግን ቅዳሜን እዚያ የሚያሳልፉት ቤታቸው የሚጠብቃቸው ሰው ስለሌለ መሆኑን አውቅ ነበር። አውቄም የራሴን መንገድ እሄድ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ቀጣዩ ክረምት መስኮቱን አጋለጠ። ከጋቢናው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ በመስኮቱ ስፌት እየገባ አሥር ካርቶን ወረቀት አራሰብን። ጓድ ንጉሤ መስኮቱ በአስቸኳይ ይደፈን ብለው ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን ለሁሴን ያደረስኩት እኔ ነኝ።

"ጋሽ ደበላ ያውቃሉ?" አለኝ ሁሴን።

"ትእዛዝ ነው" አልኩት። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ብዙ ነገር ትሸፍን ነበር።

ሁሴን ፕላስቲኩን ፈትቶ አወጣና በቦታው ድርብ ሸራ ሰፋበት። ጋሽ ደበላ መጥተው ሲያዩ ይቆጣሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። በመዳፋቸው የተደፈነውን ቦታ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ "የወጣውስ የታለ?" አሉ። ሁሴን ከወለል አንስቶ ሰጣቸው። እጥፍ አድርገው ከመቀመጫቸው ሥር ከተቱት። እስከ ማታ ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀት ጭነን ወደ ሆለታ ስንሄድ ነው ነገሩ የመጣው። መንገድ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር መምህርት አገኘን። ዝናብ ነው፤ ጋቢናውን ለእሷ ለቅቄ እኔ ወደ ኋላ ከሸራው ሥር ገባሁ። ጋሽ ደበላ ሳይነሱ በፊት እንደ ልማዳቸው ጎኑን መታ መታ አድርገው፣ "ማን አለ?" አሉ። "ጸሐፊው አለ!" አልኳቸው ከውስጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ሰማኋቸው።

ውስጡ ጨለማ ነው። ቀን መሆኑን የምታውቀው ከማሰሪያዎቹ መካከል በሚገባው ክር በምታህል ብርሃን ነው። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስንገባ ካርቶኑ ተንዶ እግሬ ላይ ተከመረ። ጉልበቴ ተጠምዝዞ ተያዘ፤ ማሰሪያው ጋ ልደርስ አልቻልኩም። ጮህኩ። የጋቢናውን ጀርባ በጡጫ ደበደብኩ። ዝናቡ ሸራውን እየደበደበ፣ ሞተሩ እየጮኸ ማን ይስማኝ? ከእኔ እስከ ጋሽ ደበላ ጀርባ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ሰው በዚህች ርቀት ላይ ሆኖ እንዲህ ብቻውን ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። ሆለታ እስክንደርስ ስጣራ ቆየሁ፤ በመጨረሻ ድምፄ ተዘጋ።

ሲቆሙ መጥተው ሸራውን ፈቱት። እኔ በንዴት ታውሬአለሁ። "ጠራሁዎት እኮ!" አልኳቸው። "ያን ሁሉ ጠራሁዎት! አይሰሙም እንዴ?"

እኒያ ረጅም ሰው የያዙትን ገመድ ለቀቁ። ካርቶኑን አንድ በአንድ ከእግሬ ላይ አነሱ፣ ደግፈው አወረዱኝ፣ ከዚያ ጭቃው ላይ፣ ከመኪናው ጎማ አጠገብ ቁጭ አሉ። መምህርቷ ደንግጣ፣ "አሞዎታል አባባ?" አለቻቸው። በእጃቸው ሂጂ አሏት። እሷ ከሄደች በኋላ ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና ሰጡኝ። ከመታጠፍ ብዛት የተነሳ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል።

የጌቱ ደብዳቤ ነበር፤ ከማሠልጠኛ የተጻፈ። ለጤናዎ እንደምን ነዎት ብሎ ይጀምራል። እኔ ደህና ነኝ፣ እንጀራው ሻካራ ነው፣ ጫማ ሰጥተውናል ይላል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ "አባባ፣ የተያዝኩ ዕለት የጫነን የወታደር መኪና ሰንጋ ተራ ላይ ቆሞ ነበር። በሸራው ቀዳዳ ሳይ ከኋላችን የእርስዎ መኪና መጥቶ ቆመ። አየሁዎት። ጠራሁዎት። ሌሎቹም አብረውኝ ጠሩዎት። እርስዎ ግን ክላክስ ነፉና የእኛ መኪና ሄደ። አልሰሙኝም መሰለኝ። አይዘኑ።"

አንብቤ ጨርሼ ቀና ማለት አቃተኝ።

"ሦስት ጊዜ ነፋሁ" አሉ ጋሽ ደበላ። "እሱ አንዴ ነው የሚመስለው። ሦስት ጊዜ ነው። ሂድልኝ፣ መንገድ ልቀቅ፣ ብዬ። እሱ ከትምህርት ቤት የሚወጣበት ሰዓት ነበር። ጥብስ ገዝቼለት ነበር። ሳይቀዘቅዝ ምሳውን ላደርስለት ነው የቸኮልኩት። እሱ ጋ ልደርስ ነው እኮ፣ ጸሐፊው! ልጄ ጋ ልደርስ ብዬ ልጄን ነድቼ ሰደድኩት።"

"አላወቁም እኮ" አልኳቸው። "ቢያውቁስ ያስጥሉት ነበር?"

"አላስጥለውም" አሉ። "ግን አየው ነበር። አየኝ፣ እኔ አላየሁትም። ወርጄ ብጠይቅ፣ አንዴ እንኳ አቤት ልጄ ብለው!"

ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም። እሳቸው ስንት ጊዜ እንደጻፉ አልነገሩኝም።

በማግስቱ እያነከስኩ ሁሴን ጋ ሄድኩ። ኮሚቴ የለ፣ ደብዳቤ የለ። "ድፍኑን ፍታው" አልኩት። ሁሴን የሰው ፊት ያነባል፤ አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። አዲስ ፕላስቲክ በድርብ ስፌት ከሰፋ በኋላ ከላዩ እንደ ባርኔጣ ጥላ ወጣ ያለች ቁራጭ ሸራ አደረገበት። ከዚያ በኋላ ጠብታ ውሃ አልገባም። መጀመሪያውኑ አሥር ደቂቃ አስበን ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ይቺ ነበረች። ጓድ ንጉሤ እስከ መጨረሻው መስኮቱ መመለሱን ልብ አላሉም።

ጋሽ ደበላ ግን ገና ጋቢናው ውስጥ ገብተው መስታወቷን ሲያዩ አወቁ። ምስጋና አልወጣቸውም። ሞተሩን አስነስተው፣ "እግርህስ?" አሉኝ። "ደህና ነው" አልኳቸው። ይኸው ነው የተነጋገርነው።

ዓመት ሳይሞላ ወደ ጅማ ቅርንጫፍ ተዛወርኩ። የመጀመሪያውን ፋሲካ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ ሁለተኛውን ረሳሁ። መንግሥት ሲለወጥ፣ ያ ሁሉ ወታደር በባዶ እግሩ ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፍ፣ ጋሽ ደበላ መንገድ ዳር ቆመው ፊት ፊቱን ሲያዩ በሐሳቤ ታዩኝ። ሄጄ አብሬያቸው ልቁም አልኩ። አልሄድኩም። መሥሪያ ቤቱ ፈረሰ፣ እኔ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ነገ እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ የእሳቸው ነገ አለቀ።

ከሁሴን ደረጃ ተነስቼ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወረድኩ። የቀበሌ ቤታቸውን ለማግኘት ብዙ ጠየቅሁ። ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት እትዬ ዘነበች ወጥተው ተቀበሉኝ። በሩ ተዘግቷል። በሩ ላይ በሰው ቁመት ደብተር የምታክል አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተቆርጣለታለች፤ ቀዳዳዋ ላይ ያረጀ ፕላስቲክ በሚስማርና በቆርኪ ተመትቷል። ዳር ዳሩ ላይ የሁሴን የድሮ መርፌ ፈለግ አሁንም አለ። ያኔ ከመቀመጫቸው ሥር የከተቱት ነው፤ ያስፈታሁት እኔ ነኝና አልተሳሳትኩም።

"ስንቱን ዓመት እቺን ሲወለውሉ ነው የኖሩት" አሉ እትዬ ዘነበች። "'ጌቱ ሲመጣ ጠርቶኝ ባልሰማ እንኳ መኖሬን ከደጅ ይይ' ይሉ ነበር። ጆሯቸው ደግሞ ኋላ ላይ ደክሞ ነበር።"

"ጌቱ አልመጣም?"

"ወሬውም አልመጣም ልጄ።"

ፊቴን ወደ ፕላስቲኩ አስጠጋሁ። ቢጫ ሆኖ ጭጋግ ለብሷል፤ ግን ያሳያል። ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ወንበር አለ።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያስተካከሉ የቀብሩን ነገር ያጫውቱኝ ጀመር። የእድሩ መኪና አስከሬኑን ይዞ ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ መታጠፊያው ላይ አንድ ሲሚንቶ የሚያራግፍ መኪና መንገዱን ዘግቶበት ቆመ። የእድሩ ሹፌር እጁን ወደ ክላክሱ ሲሰድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ፣ "ተው!" አለው። ሁሉም ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሲሚንቶው እስኪያልቅ ድረስ ከአንድም መኪና ክላክስ አልተነፋም።

"እሳቸው አይወዱም ነበር፤ አመላቸውን አክብረን ነው እንጂ ለምን እንደማይወዱ ማናችንም አናውቅም" አሉ እትዬ ዘነበች። "አንተ አብረሃቸው ሠርተህ የለ? ነግረውህ ይሆን?"

ነግረውኛል። ከዚያ ሁሉ ቀባሪ መካከል ምክንያቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ አልነበርኩም።